የቀልደኛው ሕይወት በፊልም፦ ተረቱና እውነታው

ፊልሙ ሊጀምር ሲል «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ቢቸና ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ የተቀመጠውም፣ ሞጣ ላይ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ስልክ ከብቦ የሚያየውም፣ ከዚያች መስመር በኋላ የመጣለትን ሁሉ እንደተፈጸመ ነገር ይቀበላል። ልብ ወለድ ሲያይ የሚያነሳውን ጥያቄ እዚህ አያነሳም። ፊልሙ ሲያልቅ «ሰውዬው እንዲህ ነበር እኮ» ብሎ ለሌላው ይነግራል፤ የሰማውም ለሌላ ያቀብላል። ብዙም ሳይቆይ የአንድ ስክሪፕት ጸሐፊ ፈጠራ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ሆኖ ያርፋል።

በምሥራቅ ጎጃም ይህን ስሕተት በሌላ መልኩ እናውቀዋለን። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ ነው። ነገር ግን ቢቸና አጠገብ ያለችውን ዲማ ጊዮርጊስን በስሟ ስለሚጠራ፣ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በእውን እንደኖሩ ሰዎች የሚያወራ አይጠፋም። የምናውቀው ቦታ ሲጠራ ማመን ይቀለናል። የምናውቀው ሰው ስም ሲጠራ ደግሞ ጭራሽ መጠራጠር እንተዋለን።

ስለ ቀልደኞች የተሠሩ የሕይወት ታሪክ ፊልሞች ላይ ጉዳዩ ይብሳል። ቀልደኛው ራሱ በሕይወቱ ሳለ አንድ ሌላ ሰው ፈጥሮ ትቶልናል፤ ሰፊ ሱሪ የታጠቀ፣ ከዘራ የሚያሽከረክር ሰው። እኛ ያንን ከባለቤቱ ጋር ስናቀላቅል ኖረናል። ፊልም ሠሪው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ይጨምርበታል። ሦስቱን መለየት የሚቻለው ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ ሲታወቅ ነው። ስለዚህ ሦስት ፊልሞችን እናንሳ፦ በ1992 የወጣውን «ቻፕሊን»፣ በ2018 የወጣውን «ስታንና ኦሊ»፣ በ1957 የወጣውን «የበስተር ኪተን ታሪክ»። ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተረት፦ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ ከተመሠረተ፣ ያየነው ሁሉ ሆኗል ማለት ነው»

አልሆነም። «ቻፕሊን»ን ያዘጋጀው ሪቻርድ አተንቦሮ ነው፤ ከዚያ በፊት በ1982 «ጋንዲ»ን የሠራው እንግሊዛዊ። መነሻ ያደረጋቸው ሁለት መጻሕፍት ናቸው፦ ቻፕሊን ራሱ በ1964 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩና ዴቪድ ሮቢንሰን በ1985 ያወጣው ሰፊ ጥናት። እነዚህ የታመኑ ምንጮች ናቸው። ይሁን እንጂ ቻፕሊን የተወለደው በ1889፣ የሞተው በ1977 ነው። ሰማንያ ስምንት ዓመት ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይግባ ሲባል፣ የሚጣለው ከሚቀረው እጅግ ይበልጣል። የሚቀረውም ቢሆን እንዳለ አይቀርም።

በፊልሙ ውስጥ ስዊዘርላንድ ድረስ ሄዶ አረጋዊውን ቻፕሊን ስለ መጽሐፉ የሚጠይቀው አርታኢ አለ። ስሙ ጆርጅ ሃይደን ነው፤ የተጫወተው አንቶኒ ሆፕኪንስ። ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያያይዘው የእሱ ጥያቄ ነው። ሃይደን የሚባል አርታኢ ግን በቻፕሊን ሕይወት ውስጥ አልነበረም። ጸሐፊዎቹ የፈጠሩት ሰው ነው። ያለ እሱ ተመልካቹ ከዓመት ወደ ዓመት ሲዘል መንገዱ ይጠፋበት ነበርና ፈጠሩት። ሥራውን በደንብ ሠርቷል፤ ቢሆንም የለም።

ከዚህ የረቀቀም አለ። ቻፕሊን በወጣትነቱ ለንደን ውስጥ የወደዳት ሄቲ ኬሊ የምትባል ልጅ ነበረች፤ በ1918 ሞተች። በ1943 ያገባት የመጨረሻ ሚስቱ ደግሞ ኡና ኦኒል ናት። በፊልሙ ውስጥ ሁለቱንም የተጫወተችው አንዲት ተዋናይት ናት፣ ሞይራ ኬሊ። አንድም ቃል ሳይነገር ተመልካቹ «ቻፕሊን ዕድሜ ልኩን የፈለገው ያችኑ የመጀመሪያዋን ልጅ ነው» የሚል ሐሳብ ይዞ ይወጣል። ይህ የአዘጋጁ አተረጓጎም ነው። ምናልባት ትክክል ይሆናል፤ ቻፕሊንም ስለ ሄቲ በመጽሐፉ በስስት ጽፏል። ግን በተዋናይ ምደባ የተነገረን ግምት እንደ ማስረጃ መያዝ አይገባም።

እኔ ከዚህ ፊልም የምወደው ክፍል ራሱ ስለ ተረትና እውነታ የሚናገረው ነው። ቻፕሊን ያንን የታወቀ ልብሱን እንዴት እንዳገኘ ሲተርክ፣ ባርኔጣውና ከዘራው ራሳቸው እንደጠሩት አድርጎ ያወራል፤ ፊልሙም እንደዚያው ያሳየናል። ወዲያው አርታኢው ውሸት መሆኑን ፊት ለፊት ይነግረዋል። ከዚያ ነገሩ እንደገና፣ ያለ ምትሐት፣ እንደ ተራ ሥራ ይታያል። የሕይወት ታሪክ ፊልም ይህን ያህል ታማኝነት ሲያሳይ አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው።

«ስታንና ኦሊ»ም ታሪኩን እንዳለ አላቀረበም። ፊልሙ የሚያሳየን ስታን ሎረልና ኦሊቨር ሃርዲ፣ ያ ቀጭኑና ያ ወፍራሙ፣ ዝናቸው ከደበዘዘ በኋላ በ1953 በብሪታንያ ከተማ ለከተማ ሲዞሩ ነው። እውነቱ፣ ከጦርነቱ በኋላ በብሪታንያ ሦስት ጊዜ ዞረዋል፦ በ1947፣ በ1952 እና ከ1953 እስከ 1954። ደራሲው ጄፍ ፖፕና አዘጋጁ ጆን ቤርድ ሦስቱን ጉዞዎች ወደ አንድ ጠቀለሏቸው። የሃርዲ የልብ ሕመም በእውን የመጣው በግንቦት 1954 ፕሊመዝ ከተማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝግጅታቸው ተቋረጠ። ሁለቱ በመርከብ አየርላንድ ኮብ ወደብ ሲደርሱ የካቴድራሉ ደወል የፊልማቸውን መግቢያ ዜማ እንደደወለላቸው ግን ተረት ይመስላል እንጂ በእውን የሆነ ነው። በመስከረም 1953 ሆኗል።

ተረት፦ «ቀልደኛ ሰው ፊት ያስቃል፣ ቤቱ ገብቶ ያለቅሳል»

ይህ እምነት ሥር የሰደደ ነው፤ እኛም አገር ስለ ኮሜዲያን ሲወራ ሳይነሳ አይቀርም። ፊልም ሠሪዎችም ይወዱታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ድራማ ግጭት ይፈልጋል። ሥራውን የሚወድ፣ ከባልደረባው ጋር የሚስማማ ሰው ለሁለት ሰዓት ፊልም አይበቃም።

በ«ስታንና ኦሊ» ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ትዕይንት ሁለቱ በሰው መካከል የሚጣሉበት ነው። ስታን የቆየ ቂም ያወጣል፤ ኦሊቨር በ1939 ያለ እሱ «ዜኖቢያ» የሚባል ዝሆን ያለበት ፊልም ሠርቷልና። ያ ፊልም በእርግጥ ተሠርቷል። ያን ጊዜ ስታን ከፕሮዲዩሰሩ ከሃል ሮች ጋር በውል ተጣልቶ ስለነበር ነው። በዚያው ዓመት ግን ሁለቱ ተመልሰው አብረው ሠርተዋል። ዓመታት የቆየው ቂምና ያ የአደባባይ ጠብ የፊልሙ ፈጠራ ናቸው። እንዲያውም በሆሊውድ ዘመናቸው ሁለቱ ከሥራ ውጭ ብዙም አይገናኙም ነበር፤ ኦሊቨር ጎልፉን ይጫወታል፣ ስታን ደግሞ ኤዲቲንጉ ላይ ያመሻል። በእውነት የተቀራረቡት በእነዚያ ጉዞዎች ነው። ፊልሙ የፍቅራቸውን ጥልቀት አላጋነነም። የፈጠረው ወደዚያ ፍቅር የሚያደርሰውን ጠብ ነው።

በመድረክ ላይ ደደቡ ስታን ነው፤ ከመድረክ ጀርባ ግን የቀልዱ አእምሮ እሱ ነበር። ጥንድ ሆኖ መቀለድን እኛም ከአለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ከደረጄ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ እናውቀዋለን። ከሁለቱ አንዱ «ሞኝ» ሆኖ ሲቀርብ ያ ሰው በቤቱም እንደዚያ ነው ብሎ መገመት ስንፍና ነው፤ ሞኝ ሆኖ ማሳቅ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ የከበደው ድርሻ ነው።

ስለ እንባውም ቢሆን፣ ኦሊቨር በ1957 ከሞተ በኋላ ስታን ዳግም ፊልም ለመሥራት ፈቃደኛ አልሆነም። ሆኖም በ1965 እስከሞተበት ድረስ ለሁለቱ የሚሆን ቀልድ መጻፉን አልተወም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚኖርባት ትንሽ አፓርታማ ስልክ ቁጥሩ በሕዝብ የስልክ ማውጫ ላይ ነበር፤ የደወለለትን አድናቂ ሁሉ ያነጋግር ነበር። ይህ የተሰበረ ሰው ታሪክ አይደለም። ጓደኛውን ያጣ፣ ሥራውን ግን ያልጠላ ሰው ታሪክ ነው።

ቻፕሊን ላይ ግን መከራው እውነት ነው፤ አልተጋነነም። አባቱ በመጠጥ ተጎድቶ በ1901 ሞተ፤ እናቱ ሃና አእምሮዋ ታውኮ ሆስፒታል ትመላለስ ነበር፤ እሱ ገና በሰባት ዓመቱ ለንደን ውስጥ ወደ ድኾች መጠለያ ገብቷል። በፊልሙ ሃናን የተጫወተችው ጄራልዲን ቻፕሊን ናት፤ የቻርሊ ልጅ፣ የሃና የልጅ ልጅ። አያቷን ሆና፣ አእምሮዋን እያጣች፣ ገና ልጅ የሆነው አባቷ ሲያያት ትጫወታለች። ከዚህ ፊልም ሌላው ሁሉ ቢረሳ እንኳ ይህ ሊረሳ አይገባም።

ተረት፦ «ዋናው መምሰል ነው፤ ሜካፕ ካለ ማንም ይጫወተዋል»

«ስታንና ኦሊ»ን ለመሥራት ጆን ሲ ራይሊ በየቀኑ ለሰዓታት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚለጠፍ አገጭና ጉንጭ ይሠራለት ነበር፤ በላዩም ወፍራም ገላ ይለብስ ነበር። ያ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብቻ ነው። ተመልካቹ ፊቱን ከለመደ በኋላ የሚያየው እንቅስቃሴውን ነው። እሱና ስቲቭ ኩጋን «ዌይ አውት ዌስት» በተባለው የ1937 ፊልም ላይ ያለችውን ዳንስ እርምጃ በእርምጃ አጥንተው ደግመዋታል። ዋናውን ያየ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማመሳከር ይችላል፤ ከዚህ የበለጠ ፈተና ለተዋናይ የለም።

ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር ቻፕሊንን ሲጫወት ገና ሃያዎቹን አልጨረሰም ነበር። ፊቱ ከቻፕሊን ጋር የሚመሳሰለው በመጠኑ ነው። ዳን ካሚን የተባለ የማይም ባለሙያ አካሉን ለወራት አሠለጠነው። ቻፕሊን ግራኝ ስለነበረ ቫዮሊን በግራው ነበር የሚጫወተው፤ ዳውኒም ቫዮሊኑንና ቴኒሱን በግራ እጁ ተማረ። ቻፕሊን ከሆሊውድ በፊት በፍሬድ ካርኖ የቴአትር ቡድን ውስጥ ሰካራም ሆኖ ያሳየው የነበረውን ትርኢት ዳውኒ ሲደግመው እዩት። ሲወድቅ የሚወድቀው እንደ ሰካራም ነው፤ ሚዛኑን ግን አንዴም አይስትም። ሰካራም መስሎ ለመውደቅ አካሉን ሙሉ በሙሉ የሚያዝ ሰው ያስፈልጋል። ይህንን ሜካፕ አይሠራውም።

አንድ ነገር በዚሁ ላይ እናርም። ዳውኒ በዚህ ፊልም ኦስካር ያገኘ የሚመስላቸው አሉ። ታጭቶ ነበር፤ የወሰደው አል ፓቺኖ ነው። ዳውኒ ያገኘው የብሪታንያውን ባፍታ ሽልማት ነው። ኦስካሩ የመጣለት ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2024፣ በ«ኦፐንሃይመር» ነው። ፊልሙም ቢሆን ገበያ ላይ አልቀናውም፤ ከወጣበት ገንዘብ በእጅጉ ያነሰ ነበር አሜሪካ ውስጥ ያስገባው። ዩኒቨርሳል ገና ሳይቀረጽ ትቶት፣ ካሮልኮ የተባለ ኩባንያ ባይረከበው ኖሮ ከነጭራሹ ባልተሠራም ነበር።

ተረት፦ «የድሮ ሰዎች እየተጣደፉ ነበር የሚራመዱት»

በልጅነት ሁላችንም ይህን አስበናል። ድምፅ አልባ ፊልም ሲታይ ሰዎቹ ይንከወከዋሉ፣ መኪናው ይበራል፤ «የዚያን ጊዜ ፊልም እንዲህ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ነገሩ የፍጥነት ልዩነት ነው። በዚያ ዘመን ካሜራው በእጅ ይዞር ነበር፤ በአንድ ሰከንድ 16፣ 18፣ አንዳንዴ 20 ምስል ያነሳል። ድምፅ ሲመጣ፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ በሰከንድ 24 ምስል ሕግ ሆነ። በ16 የተቀረጸ በ24 ሲታይ እንቅስቃሴው አንድ ጊዜ ተኩል ይፈጥናል። በቻፕሊን ዘመን የነበረ ተመልካች ያየው እኛ በቴሌቪዥን ያየነውን መንከውከው አይደለም። የቀልድ ፊልም ሠሪዎች ሩጫና ድብድብ ሲሆን ሆን ብለው ካሜራውን ቀስ አድርገው ያዞሩ እንደነበረ ግን መርሳት የለብንም፤ አንዳንዱ ፍጥነት ስሕተት ሳይሆን ብልሃት ነው። ስለዚያ ዘመን ፊልም የሚሠራ አዘጋጅ የትኛው የትኛው መሆኑን ሳያውቅ ቢጀምር ተዋናዩን የማሽን ጉድለት ሲያስመስለው ይውላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ሌላው እምነት «ካሜራ ተክለው ፊቱ እየወደቁ ነበር የሚቀርጹት፣ ቀላል ሥራ ነበር» የሚለው ነው። ኬቨን ብራውንሎና ዴቪድ ጊል በ1983 ቻፕሊን የጣላቸውን ቁርጥራጭ ቀረጻዎች ሰብስበው ባሳዩት ጥናታዊ ፊልም ይህ እምነት ፈርሷል። ቻፕሊን ያለ ስክሪፕት ካሜራ ፊት እያሰበ፣ እየጣለ፣ እንደገና እየጀመረ ነበር የሚሠራው። በ1931 ለወጣው «ሲቲ ላይትስ» ዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ከእርሱ ጋር የምትገናኝበትን ትንሽ ትዕይንት 342 ጊዜ እንዳስደገመ ይመዘገባል። የፈለገው አንድ ነገር ነበር፦ ልጅቷ እሱ የሚጫወተውን ድኻ እንዴት ሀብታም ነው ብላ ልትሳሳት እንደምትችል ያለ ድምፅ ማሳየት። መፍትሔው የመኪና በር መዘጋት ሆነ። በ1992ቱ ፊልም ውስጥ ይህን የመሰለ ትዕግሥት ለማሳየት ቦታ አልተገኘም፤ ሚስቶቹና ክሶቹ ሰፊውን ጊዜ ወስደውታል። የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ስለ አንድ ሠራተኛ የተሠራ ፊልም ሥራውን ማሳየት ነበረበት።

ተረት፦ «ባለታሪኩ ራሱ ካለበት ፊልሙ አይሳሳትም»

በስተር ኪተን ፊቱ የማይስቅ ቀልደኛ ነበር። በ1928 «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» ላይ የቤት ግድግዳ ሙሉው ሲወድቅበት፣ የመስኮቱ ክፍት ብቻ በላዩ አልፎ ቆሞ የቀረው እሱ ነው፤ ግድግዳው እውነተኛ ነበር፣ ተለዋጭም አልቆመለትም። በ1924 «ሸርሎክ ጁኒየር» ሲቀረጽ ከውኃ ማማ የወረደ ውኃ ጥሎት የአንገቱ አጥንት ተሰንጥቆ ነበር፤ ያወቀው ከዓመታት በኋላ ሐኪም ራጅ ሲያነሳው ነው። ለፊልም ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ፓራማውንት በ1957 የሕይወት ታሪኩን ሲሠራ ኪተን በሕይወት ነበር። ለታሪኩ 50,000 ዶላር ተከፈለው፤ አማካሪ ሆኖም ቀረጻው ላይ ነበር። ዶናልድ ኦኮነር ተጫወተው። ውጤቱ ግን ከሕይወቱ ጋር የሚገናኘው በጥቂቱ ነው። ሦስት ሚስቶች አግብቶ የነበረው ሰው በፊልሙ ላይ ሕይወቱ ተቀይሮ፣ የሌሉ ሴቶች ተፈጥረውለት ቀረበ። የፊልሞቹ ስምና የዓመታቱ ቅደም ተከተልም ተዘበራርቀዋል። አዘጋጁና ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሲድኒ ሸልደን ነበር፤ በኋላ ልብ ወለዶቹ ወደ አማርኛ ተተርጉመው ብዙ አንባቢ ያገኙለት ያው ሸልደን። ተረት የመፍጠር ችሎታው የታወቀ ነው፤ እዚህ የተጠየቀው ግን ሌላ ችሎታ ነበር። ኪተን በገንዘቡ ቤት ገዛበት፤ እስከ 1966 ሞቱም እዚያው ኖረ። ፊልሙን ግን አልወደደውም። ባለታሪኩን ቀጥሮ ማስቀመጥና እሱን መስማት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ተረት፦ «ቻፕሊን ኮሚኒስት ሆኖ ተገኝቶ ከአሜሪካ ተባረረ»

ሁለት ስሕተት አለበት። ቻፕሊን የኮሚኒስት ፓርቲ አባል መሆኑ ተረጋግጦ አያውቅም፤ የፌዴራሉ ምርመራ ቢሮ ለብዙ ዓመታት ሰፊ ፋይል ከፍቶበት ይህን ማሳየት አልቻለም። የተባረረውም ቤቱ ተንኳኩቶ አይደለም። በመስከረም 1952 «ላይምላይት» የተባለውን ፊልሙን ለማስመረቅ በመርከብ ወደ ለንደን ሲጓዝ፣ መርከቧ ባሕር ላይ ሳለች የመመለሻ ፈቃዱ ተሰረዘ። ዜግነት ስላልወሰደ ሊመለስ ቢፈልግ ስለ ፖለቲካውና ስለ ግል ሕይወቱ መመርመር ነበረበት። አልተመለሰም፤ ስዊዘርላንድ ተቀመጠ። በ1972 ብቻ የክብር ኦስካር ሊቀበል ሄደ። ፊልሙ ይህን ሁሉ የምርመራ ቢሮው ኃላፊ ኤድጋር ሁቨር በአንድ የእራት ግብዣ ላይ የያዘው የግል ቂም ውጤት አድርጎ ያሳየዋል። ሁቨር ቻፕሊንን መጥላቱ እውነት ነው። አንድን የዘመን ፖለቲካ በአንድ እራት ማስረዳት ግን የስክሪፕት አቋራጭ ነው፤ በዚያ ዘመን ሥራቸውን ያጡ የፊልም ሰዎች ብዙ ነበሩ።

«ቻፕሊን በቻፕሊን ማስመሰል ውድድር ገብቶ ተሸነፈ» የሚለውንም እዚሁ በአጭሩ እንጨርሰው። ውድድሮቹ በዚያ ዘመን በየከተማው ነበሩ። እሱ ገብቶ መሸነፉ ግን ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈ ወሬ እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም።

ተረት፦ «ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ነው፤ እኛን አይመለከትም»

ይህ ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው። እኛም ስለራሳችን ሰዎች ፊልም ሠርተናል፤ ገና እንሠራለንም። በ2009 የወጣው «አትሌቱ» ስለ አበበ ቢቂላ ነው። ከአዘጋጆቹ አንዱ ራሴላስ ላቀው አበበን ሆኖ ተጫውቷል፤ የቆየ የኦሊምፒክ ቀረጻም ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ ገብቷል። ፊልሙ የመረጠው ከድሉ በኋላ ያለውን ሰው ነው፤ በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ የሽባነት ዕጣ የገጠማቸውን፣ ግን መወዳደር ያልተወውን አበበ። ይህ ጥሩ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሮምን ሁላችንም እናውቃለንና።

እናውቃለን ስንል ግን እዚህም ተረት አለ። «አበበ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ የሚገዛበት አጥቶ ነው» ይባላል። ጫማ ቀርቦለት ነበር፤ አልተመቸውም። በባዶ እግሩ ሲለማመድ ስለከረመ ያንኑ መረጠ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ደግሞ አሸነፈ። የድህነቱ ታሪክ ለፊልም የበለጠ ያምራል፤ ስሌቱና ውሳኔው ግን የአትሌቱን ብልህነት ይነግሩናል። ባማረው ተረት ፋንታ እውነቱ ሲነገር ሰውየው ያድጋል እንጂ አያንስም።

አሁን ወደ ቢቸና እንምጣ። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ፣ አባ ኮስትር፣ በዚህ አገር ጣሊያንን የተዋጋ፣ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት የሞተ ጀግና ነው። ስለ እሱ ቢቸና ላይ የሚሰማው ትረካና ሞጣ ላይ የሚሰማው አንድ አይደለም። ሞጣ በኩል ደግሞ ዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ አለ፤ በፋሲል ዘመን የተሠራ፣ በወረራው ጊዜ ጠላት እንዳይሻገር አንዱ ቅስቱ የተሰበረ። ስለ በላይ ፊልም የሚጽፍ ሰው ሁለቱን ለማጋጠም ይጓጓል፦ በላይ ራሱ ቅስቱን ሲያስፈርስ፣ ድንጋዩ ወደ ዓባይ ሲወርድ። ምን የመሰለ ትዕይንት ይወጣው ነበር! ማን፣ መቼ፣ በማን ትእዛዝ እንደሰበረው ሳይጣራ ያ ትዕይንት ከተቀረጸ ግን፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ የሞጣ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው «ታሪክ» ያ ይሆናል፤ ሥራውን በእርግጥ የሠሩት ሰዎች ስም ይጠፋል። የስታንና የኦሊን ሦስት ጉዞ አንድ ማድረግ የሚያመጣው ጉዳት ትንሽ ነው፤ ሦስቱም በጋዜጣና በመጽሐፍ ተመዝግበዋልና የፈለገ ያገኘዋል። እኛ ዘንድ ግን ብዙው ነገር ያለው በሰው አፍ ብቻ ነው። ፊልሙ ከተሳሳተ የሚያርመው ሰነድ የለም።

ቀልደኞቻችንም እንደዚሁ። በቴሌቪዥን ያሳቁንን ጥንዶች ሥራ፣ በካሴትና በቪዲዮ ክር የወጡትን ጭውውቶች፣ በየገበያውና በየሠርጉ ሰውን ሲያስቁ ኖረው ስማቸው ከወረዳ ያላለፈውን ሰዎች ትዝታ የሚሰበስብ ከሌለ፣ ነገ ስለ እነሱ ፊልም ልሥራ የሚል ወጣት የሚጀምረው ከባዶ ነው። ከባዶ የጀመረ ደግሞ የሚሞላው በፈጠራ ነው። ብራውንሎና ጊል የቻፕሊንን ሥራ ሊያሳዩን የቻሉት የተጣሉ ቁርጥራጮቹ አንድ ቦታ ተቀምጠው ስለቆዩ ነው።

ስለዚህ ቢቸናም ሞጣም ያላችሁ፣ በተለይ ፊልም የመሥራት ሐሳብ ያላችሁ ወጣቶች፣ ከስክሪፕቱ በፊት አዛውንቶቹን ቅረጹ። በላይን ያየ ሰው ዛሬ ማግኘት ይከብድ ይሆናል፤ ካየ ሰው የሰማ ግን አለ። እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ለዚህ ይበቃል። የተናጋሪውን ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ፣ የቀረጻችሁበትን ቀን፣ ያየውን ነው ወይስ የሰማውን የሚናገረው የሚለውን በመጀመሪያ አስነግሩ። በየቤቱ ያሉ የድሮ ካሴቶችን ሌላ ነገር አትቅዱባቸው፤ ወደ ኮምፒዩተር አስገልብጧቸው፣ ቅጂውንም ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ስጡ። ፊልሙን ስትሠሩም የፈጠራችሁትን ሰው ፈጠራ መሆኑን በመጨረሻው ጽሑፍ ላይ አስፍሩ።